ፊልም ሲሠራ ዓይናችን እንዴት ይታለላል?

በዚህ እትም በሚኒ ሚዲያ ክበባችን ስለ ፊልም አሠራር የተማርኩትን ላካፍላችሁ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ የሠራሁትን ስህተት ስለምናገር እባካችሁ እስከ ታች አንብቡት።

በመጀመሪያ ፊልም ምንድን ነው? ፊልም የሚንቀሳቀስ ይመስለናል እንጂ በውስጡ ያሉት ፎቶዎች አይንቀሳቀሱም። በሲኒማ ቤት ፊልም በ1 ሴኮንድ 24 ፎቶዎች ተከታትለው ያልፋሉ። በጣም ስለሚፈጥኑ አእምሯችን አያይዞ እንደ እንቅስቃሴ ያያቸዋል። ፈረንሳዮቹ ወንድማማቾች ኦጉስትና ሉዊ ሉሚዬር እ.ኤ.አ. በ1895 ፓሪስ ውስጥ ፊልሞቻቸውን ለሕዝብ በክፍያ አሳዩ። እያንዳንዱ ፊልም 1 ደቂቃ እንኳን አይሞላም ነበር። አንደኛው ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ እኛም ከትንሽ ነገር ብንጀምር አያሳፍርም።

ክበባችን ካሜራ የለውም። የምንቀርፀው በተጠሪ መምህራችን ስልክ ነው። የተማርናቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

1ኛ. አያያዝ፦ ስልኩን አጋድሞ፣ ክንድን ከጎን ጋር አጣብቆ ወይም ግድግዳ ተደግፎ መያዝ። አንዱን ምስል ቢያንስ እስከ 10 እየቆጠሩ ሳይነቃነቁ መቅረፅ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ስልኩን ወዲያና ወዲህ ሳዞረው ስለነበር ያዩት ልጆች ሁሉ «ራሳችንን አዞረን» አሉ።

2ኛ. ብርሃን፦ ሰውየው መስኮት ከጀርባው አድርጎ ከቆመ ፊቱ ይጠቁራል። ብርሃኑ ከቀራጩ ጀርባ ወይም ከጎን መምጣት አለበት።

3ኛ. ርቀት፦ የሩቅ ምስል ቦታውን ያሳያል። የመካከለኛ ምስል ከወገብ በላይ ሆኖ ሰውየው የሚሠራውን ያሳያል። የቅርብ ምስል ወይም ክሎዝ አፕ ደግሞ ፊትን ወይም እጅን ሞልቶ ስሜትን ያሳያል። ለምሳሌ በእረፍት ሰዓት ቧንቧው ጋ ያለውን ሰልፍ ስንቀርፅ ከሩቅ ሰልፉን፣ ከመካከለኛ ኮዳዋን የያዘች ልጅ፣ ከቅርብ ጠብ ጠብ የሚለውን ውኃ ቀረፅን።

4ኛ. መስመር፦ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ በመካከላቸው መስመር እንዳለ አስቡ። ካሜራው ከመስመሩ በአንዱ በኩል ብቻ ይሁን። ከተሻገረ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ፤ ተመልካቹም ግራ ይገባዋል።

5ኛ. ኤዲቲንግ፦ ይህ የተቀረፁትን ምስሎች መቁረጥና መቀጠል ነው። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

የቧንቧው ፊልማችን ውስጥ አንድ ትንሽ ልጅ ጭቃው አዳልጦት የሚወድቅበት ቦታ አለ። ልጁ የወደቀው አስተውሎ ነው፤ ትወና ነበር። ከዚያ በኋላ የሚገባ ምስል አጣሁ። ሌላ ቀን ኳስ ጨዋታ ላይ የቀረፅኳት አንዲት የክፍላችን ልጅ ስትስቅ የሚያሳይ ምስል ስለነበረ «በቃ ይሙላ» ብዬ እዚያ ቀጠልኩት። ፊልሙ ሲታይ ሁሉም ሰው ልጅቷ በወደቀው ልጅ ላይ የሳቀች መሰለው። ሳምንቱን ሙሉ «ጨካኝ» ሲሏት ሰነበቱ። እሷም መጥታ «እኔ እኮ እዚያ አልነበርኩም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ።

ለመምህራችን ስነግረው ስለ አንድ የሩሲያ ፊልም አስተማሪ አስረዳን። ስሙ ሌቭ ኩሌሾቭ ይባላል። የዛሬ 100 ዓመት ገደማ የአንድ ተዋናይን ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን ጋር፣ ሌላ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቀጠለው። የተዋናዩ ፊት ያው አንድ ነው። ተመልካቾቹ ግን ሾርባውን ሲያዩ «ርቦታል»፣ ሣጥኑን ሲያዩ «አዝኗል» አሉ። ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ሦስተኛውን ሐሳብ የሚጨምረው ተመልካቹ ራሱ ነው ማለት ነው። እኔም ሳላውቅ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

እናንተም ያለ ስልክ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ወረቀት ላይ የማይስቅም የማያለቅስም ፊት ሳሉ። በሌላ ወረቀት ዳቦ፣ በሌላው ደግሞ ብዙ ኤክስ ያለበት የፈተና ወረቀት ሳሉ። ፊቱን መጀመሪያ ከዳቦው አጠገብ አድርጋችሁ ለአንድ ጓደኛችሁ አሳዩት። ከዚያ ከፈተናው አጠገብ አድርጋችሁ ለሌላ አሳዩ። «ምን ተሰምቶታል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሳቸውን አወዳድሩ።

አሁን ያንን ምስል ቆርጬ አውጥቼዋለሁ፤ በቦታው ጓደኞቹ ልጁን ሲያነሱት የሚያሳይ ምስል ቀርፀን አስገብተናል። ነገር ግን የመጀመሪያውን ያዩት ሁሉ ሁለተኛውን አላዩም። ለዚህ ነው እዚህ የጻፍኩት። ልጅቷ አልሳቀችበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷንም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ክበባችንም ከአሁን በኋላ ፊቱ በፊልም የገባ ሰው ሁሉ ፊልሙ ለሌሎች ከመታየቱ በፊት ራሱ ቀድሞ እንዲያየው ተስማምቷል።

በሚቀጥለው እትም ስለ ድምፅ አቀራረፅ ይዤ እቀርባለሁ። እስከዚያው ቸር እንሰንብት!