መፋፋትና ማበጥ

ልጆች ሆይ፥ ሕፃን በደኅና ሲያድግ እናቱ «ልጄ ፋፋ» ብላ ደስ ይላታል። ነገር ግን ገላው የሞላ ሕፃን ሁሉ የፋፋ አይደለም፤ በሕመም ያበጠም አለና ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ሰውነታችን የሚሠራበትና የሚታደስበት ነገር ፕሮቲን ይባላል። በሥጋ፥ በወተትና በእንቁላል ይገኛል፤ ዳሩ ግን እነዚህን በየቀኑ ለመግዛት የሚችል ሰው ጥቂት ነው፥ በጾምም ወራት አይበሉም። ሽምብራ፥ ምስር፥ አተርና ባቄላ ግን በላፍቶም በጀሞም ገበያ አይጠፉም። ከ100 ግራም ደረቅ ሽምብራ 20 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ የአንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ነው።

ጤፍም ፕሮቲን አለው። ነገር ግን ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል በእህል ውስጥ ጥቂት፥ በጥራጥሬ ውስጥ ብዙ ነው፤ ጥራጥሬ የሚያንሰውን ሌላውን ክፍል ደግሞ እህል ይሰጣል። ስለዚህ እንጀራና ሽሮ አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሞላሉ። እናቶቻችን የላይሲንን ስም ሳይሰሙ ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። ጓያ ብቻ ለብዙ ጊዜ ቢበሉት እግርን ያሽመደምዳልና የዘወትር ምግብ አይሁን።

በ1933 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲስሊ ዊልያምስ የምትባል ሐኪም፥ ዛሬ ጋና በሚባለው አገር ስትሠራ፥ ስለ አንድ የሕፃናት ሕመም ጻፈች። ሕፃናቱ ጡት ትተው በበቆሎ ምግብ የሚኖሩ ነበሩ። እግራቸው ያብጣል፥ ጠጕራቸው ይሳሳል፥ ቆዳቸው ይላጣል፥ ጨዋታም ይጠላሉ። የአገሩ ሰዎች ሕመሙን ክዋሺዮርኮር ይሉታል፤ ታናሽ ሲወለድ ታላቁን የሚይዝ ማለት ነው። የሕመሙ ምክንያት የፕሮቲን ማነስ ብቻ እንዳይደለ ኋላ ታውቋል። ክፋቱ ግን ውኃ የቋጠረው እብጠት ውፍረት መስሎ እናትን ማታለሉ ነው።

ይህ ሕመም በአገራችንም አለ። በ1960ዎቹ በዚያው አቈጣጠር በስዊድን ርዳታ የእህል፥ የጥራጥሬና የወተት ዱቄት ተቀላቅሎ ለሕፃናት ምግብ ተዘጋጀ፤ ስሙንም ፋፋ አሉት።

በቤታችን የሚሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ወጡ ለአባትና ለእንግዳ ይቀርባል፤ ትናንት ጡት የተወው ሕፃን «በርበሬው ያቃጥለዋል» ተብሎ ደረቅ እንጀራ ይሰጠዋል። ብዙ የሚያስፈልገው ግን እርሱ ነው! በርበሬ ያልገባበት ነጭ ሽሮ ወፈር ተደርጎ ቢሠራለት፥ ሲገኝም እንቁላል ቢጨመርለት ይጠቅመዋል።

ታናሽ ወንድምህ ወይም እኅትህ እግራቸው የሞላ ቢመስልህ፥ አውራ ጣትህን በእግራቸው ጀርባ ላይ አድርገህ ሦስት እስክትቈጥር ቀስ ብለህ ተጫን። ሁለተኛውንም እግር እንዲሁ አድርግ። ጣትህን ስታነሣ በሁለቱም ጕድጓድ ቢቀር፥ ያ በሽሮ የሚድን አይደለምና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንድትወስዳቸው ለእናትህ ንገራት።