«እሺ» ስንት ያስወጣል?

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለው ብሂል ለደንበኛ አያያዝ ጥሩ ነው። ከአቅሙ በላይ ለተዋዋለ ነጋዴ ግን «እሺ» ራሱ ብዙ ሺህ ብር ሊያስወጣ ይችላል። የጎጃም የጤፍ ንግድ ይህን በቀላል ስሌት ያሳያል።

እንበልና አንድ የደብረ ማርቆስ እህል ነጋዴ ከሉማሜና ከአማኑኤል ገበያዎች በታኅሣሥ ወር ሊሰበስብ የሚችለው 120 ኩንታል ጤፍ ነው። ከአዲስ አበባ ሦስት ገዢዎች መጡ፤ እያንዳንዳቸው ለ60 ኩንታል 40,000 ብር ቀብድ ይዘዋል። የሁለቱን መቀበል አቅሙ ነው። ሦስተኛው የቆየ ደንበኛ በመሆኑ ፊት ሊነሳው አልወደደም፤ ቀብዱን ተቀበለ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል ይላል። ነጋዴው ለሦስተኛው ገዢ 80,000 ብር ይከፍላል ማለት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 40,000 ብሩ ከገዛ ኪሱ ነው። ከኩንታል 300 ብር ቢያተርፍ የ120 ኩንታሉ ትርፍ 36,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ የወሩ ልፋት ተሟጦ 4,000 ብር ኪሳራ ይተርፈዋል።

«ጎደሎውን ከሌላ ገዝቼ እሞላለሁ» ማለትም አያስተማምንም። ነጋዴ ሲሻማ ዋጋ ይወጣል፤ ገበሬውም የባሰ ይወደዳል ብሎ ጎተራውን ይዘጋል። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የዓባይን በረሃ የሚያቋርጠው የጭነት መኪና ከዘገየም የርክክቡ ቀን ያልፋል።

«ዋስ ሁነኝ» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ይከብዳል፤ ጠያቂው ዘመድ ወይም የማኅበር ጓደኛ ነውና። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 1922 የዋስትናው ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ውሉ አይጸናም ይላል። በአንቀጽ 1933 መሠረት ደግሞ በአንድነት ዋስ የሆነን ሰው አበዳሪው ባለዕዳውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ሊከሰው ይችላል። ፈራሚው ልኩንና ዓይነቱን ማወቅ ይኖርበታል።

መፍትሔው ከመልስ በፊት መዝገብ ማየት ነው። የተቀበሉት ኩንታል፣ የርክክብ ቀን፣ ቀብድና የገቡት ዋስትና በአንድ ደብተር ይስፈር። ቀሪ አቅም ከሌለ «ጋሼ፣ የታኅሣሡ ሞልቶብኛል፤ ለጥር ግን 60 ኩንታል አቀርብልዎታለሁ» ማለት ይቻላል። ገዢው ጊዜ ሳያልፍበት ሌላ ሻጭ ይፈልጋል፤ ወይም እስከ ጥር ይጠብቃል። በሁለቱም መንገድ ደንበኝነቱ አይቋረጥም።