ከጥገና በኋላ ለምን ይጠፋል? ከአንድ የጀልባ ሞተር ያገኘነው የሳይንስ ትምህርት

ባለፈው ጥር ወር የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ወደ ሙሻ ደሴት ሊያደርጉት የነበረው የትምህርት ጉብኝት በሁለት ሳምንት መዘግየቱን ወላጆች ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ «በጀልባ ሞተር ብልሽት ምክንያት» የሚል አጭር ማስታወቂያ በር ላይ ለጥፈን አለፍን። አንዳንዶቻችሁ ግን ቢሮ ድረስ መጥታችሁ «ሞተሩ ተጠግኗል ተብሎ አልነበረም እንዴ?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ሞተሩ ተጠግኖ ነበር፤ መንገድ ላይ የቆመውም ከተጠገነ በኋላ ነው። ምክንያቱን ፍለጋ የተደረገው ሥራ ከብዙ የመማሪያ ክፍል ሰዓት የበለጠ ስላስተማረን፣ በዚህ መጽሔት እንዲቀመጥ ወስነናል።

ጀልባዋ በኤስካልና በዓሣ ወደቡ አካባቢ በየቀኑ የምናያት ዓይነት የፋይበር ጀልባ ናት። ከኋላዋ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ተሰቅሎባታል፤ ቤንዚኑ ወለሉ ላይ በሚቀመጥ 24 ሊትር በሚይዝ ቀይ ሳልባትዮ ውስጥ ነው። ሞተሩን የጠገኑት የሁለት ተማሪዎቻችን አባት ናቸው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀውናል፤ ታሪኩ እንዲጻፍ ግን ፈቅደዋል። ፀሐይ የሰነጣጠቀውን የቤንዚን ቱቦ በአዲስ ቀየሩ፣ ፊልትሮውን ለወጡ፣ ካርቡራተሩን ፈትተው አጠቡ። ማክሰኞ ዕለት ዳር ላይ ሲሞክሩት በመጀመሪያው ጉተታ ተነሣ። ባለቤቱም ተደስቶ ግማሹን ክፍያ ሰጣቸው።

ሐሙስ ዕለት ጀልባዋ ስምንት ሰዎችና ዕቃ ይዛ ወደ ሙሻ ወጣች። ደሴቱ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጉዞው ሳይጋመስ ሞተሩ አቅም አጣ፣ ተንገዳገደ፣ ጠፋ። ናኩዳው የቱቦውን የእጅ ፖምፕ ሲጨምቅ ተነሣ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ሌላ ጀልባ ደርሶ ጎትቶ ባይመልሳቸው ኖሮ ሌሊቱን ባሕር ላይ ያድሩ ነበር። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ባለቤቱ ግን «ደህና የነበረውን ሞተሬን አበላሸህብኝ» ብሎ ቀሪውን ክፍያ ያዘ። አባትየው ካርቡራተሩን እንደገና ፈቱት፤ ንጹሕ ነበር። ገጠሙት፣ ሞከሩት፣ አሁንም ባሕር ላይ ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ ሊፈቱት ሲነሡ ነው ልጃቸው ነገሩን ለሳይንስ መምህራችን የነገረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የተበላሸ ነገር ሲገጥመን ዕቃ እየቀያየሩ መሞከር በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ካንዴላ ይቀየራል፣ ካርቡራተር ይፈታል፣ ገንዘብ ይወጣል፤ ሞተሩ ግን ለምን እንደጠፋ ማንም አልጠየቀውም። ተማሪም ፈተና ላይ አንዱ ቀመር ሳይሠራለት ሲቀር ሌላውን፣ ከዚያም ሌላውን እንደሚሞክረው ማለት ነው። ጥገና ከተደረገ በኋላ ለሚመጣ ብልሽት መጀመሪያ የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው፤ ምን ተነካ? መቼ ይጠፋል? ምን ሲደረግለት ይመለሳል?

የኛዋ ጀልባ መልስ ግልጽ ነበር። የተነካው ከሳልባትዮው እስከ ካርቡራተሩ ያለው የቤንዚን መንገድ ነው። የሚጠፋው በሙሉ ፍጥነት ጥቂት ደቂቃ ከሄደ በኋላ ነው፤ ዳር ላይ በዝግታ ሲሠራ ግን ሰዓት ሙሉ አይጠፋም። የሚመለሰው የእጅ ፖምፑ ሲጨመቅ ነው። ተማሪዎች፣ እነዚህን ሦስት መልሶች በወረቀት ጽፋችሁ ከፊታችሁ ብታስቀምጡ ግማሹን ሥራ ሠርታችኋል።

አሁን ቤንዚኑ የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። ከሳልባትዮው ይወጣል፣ በጎማው ቱቦ ያልፋል፣ መሐል ላይ ያለውን የእጅ ፖምፕ ያገኛል። ይህ ፖምፕ ፈረንሳዮች «ፑዋር» ይሉታል፤ በእነሱ ቋንቋ ፒር የሚባለው ፍሬ ማለት ነው፣ ቅርጹም እንደዚያው ነው። (የኛ መካኒኮች ከጣሊያን የወረሱትን ካንዴላ፣ ሳልባትዮ፣ ፊልትሮ ይዘው ጅቡቲ ሲመጡ ካንዴላው ቡዢ፣ ቤንዚኑም ኤሳንስ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ይህ በራሱ አንድ የቋንቋ ትምህርት ይወጣዋል።) ከፖምፑ ቀጥሎ ቱቦው ሞተሩ ላይ በማገናኛ ይሰካል፤ ከዚያ ፊልትሮ፣ ከዚያ የሞተሩ ትንሽ የቤንዚን ፓምፕ፣ በመጨረሻ ካርቡራተር ነው።

የሞተሩ ፓምፕ በውስጡ ስስ የጎማ ሽፋን አለው። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚፈጠረው የግፊት መለዋወጥ ሽፋኑን ያርገበግበዋል፤ በዚያ ኃይል ቤንዚን ይመጣል። እኛ «ፓምፑ ይስባል» እንላለን። በእውነቱ ግን ፓምፑ የሚያደርገው በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው፤ ቤንዚኑን የሚገፋው ሳልባትዮው ውስጥ ያለው አየር ነው። እዚህ ጅቡቲ፣ በባሕር ጠለል ላይ፣ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ያሳርፋል። አዲስ አበባ ላይ ከፍታው ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ የዚህ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ጭማቂ በስትሮ ስትጠጡም የሚሆነው ይኸው ነው።

እንግዲህ ስትሮው ቢሰነጠቅስ? ጭማቂው በስንጥቁ ወደ ውጭ አይፈስም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል፣ እናንተም አየር ትጠጣላችሁ። የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አባትየው ቱቦውን ከዳር እስከ ዳር በእጃቸው ዳብሰው «አንድ ጠብታ የለም፣ ስለዚህ ቱቦው ደህና ነው» ብለው ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ነገር ግን ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ከሳልባትዮው እስከ ሞተሩ ፓምፕ ያለው መስመር ሁሉ የሚሳብ መስመር ነው። እዚያ ላይ ያለ ቀዳዳ አየር ያስገባል እንጂ ቤንዚን አያፈስም። ከወላጆቻችን መካከል በጋላፊ መንገድ የጭነት መኪና የምትነዱ ይህን ሳታውቁት አትቀሩም፤ የናፍጣ መኪና «አየር ያዘ» ሲባል በእጅ ፖምፕ አየሩን የምታስወጡት ለዚሁ ነው።

በዝግታ ሲሠራ ለምን አልጠፋም? ሞተሩ የሚፈልገው ቤንዚን ጥቂት፣ ስበቱም ደካማ ስለሆነ የሚገባው አየር አያደርቀውም። ሙሉ ፍጥነት ሲሰጠው ፍላጎቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል፣ ስበቱ ይበረታል፣ አየሩም ይበዛል። ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ቋት እስኪጎድል ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ ይጠፋል። ስለዚህ ዳር ላይ ታስሮ መሥራቱ ጥገናው ስለመሳካቱ ብዙም አይመሰክርም።

ያ የእጅ ፖምፕ ደግሞ ጥሩ ምስክር ነው። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ፖምፑ ተመጥጦ ጠፍጣፋ ከሆነ ቤንዚኑ ከፖምፑ በፊት ታግዷል ማለት ነው፤ መጀመሪያ የሚታየው የሳልባትዮው ክዳን ላይ ያለው የአየር መግቢያ ብሎን ነው። በኛ ፀሐይ ሳልባትዮ ስለሚያብጥና ጋዙ ስለሚሸት ሰው ይዘጋዋል፣ ሲነሣ መክፈት ይረሳል። አየር ካልገባ የሚገፋ ነገር የለም። ክዳኑ ሲፈታ «እስስ» ብሎ አየር ከሳበ ጥፋቱ ተገኘ። ፖምፑ ጠንካራ እንደሆነ ሞተሩ ከጠፋና መጭመቁም ካልረዳው፣ እገዳው ከፖምፑ ወዲያ ነው፣ ወይም ደግሞ ጉዳዩ የቤንዚን ሳይሆን የእሳት ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ካንዴላው ይኬዳል። ፖምፑ ለስላሳ ሆኖ ሲጨመቅ ሞተሩ የሚመለስ ከሆነ ግን ወይ አየር ይገባል፣ ወይ የሞተሩ ፓምፕ ደክሟል። የኛዋ ይህችኛዋ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት መምህራችን አራት ተማሪዎችን ይዘው ወደ ባሕሩ ወረዱ። ቤንዚኑን የነኩት አዋቂዎች ብቻ ናቸው። መጀመሪያ ቤንዚኑን በጠርሙስ ቀድተው አስቀመጡት። ውሃ ቢኖረው ከታች ይለይ ነበር፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲመዝን ቤንዚን ሦስት አራተኛ ኪሎ ያህል ነውና። ውሃ አልነበረውም። ቀጥሎ መምህሩ «ግማሹን ነጻ እናውጣ» አሉ። ከጎረቤት ጀልባ በደህና የሚሠራ ሳልባትዮ ከነቱቦው ተውሰው ሰኩ፤ አባትየውና ናኩዳው ብቻቸውን በሙሉ ፍጥነት ዳር ዳሩን ለግማሽ ሰዓት ነዱ። አልጠፋም። በዚህ አንድ ሙከራ ካርቡራተሩ፣ ፊልትሮውና የሞተሩ ፓምፕ በሙሉ ነጻ ወጡ። ሦስተኛ ጊዜ ሊፈታ የነበረው ካርቡራተር ምንም አልነበረበትም።

የቀረው የራሷ ሳልባትዮና አዲሱ ቱቦ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ቱቦውን ሰክተው ማገናኛውን በነጭ ሶፍት ጠቀለሉትና የእጅ ፖምፑን ድንጋይ እስኪሆን ጨመቁት። ልብ በሉ፤ ሲጨመቅ ከፖምፑ ወዲያ ያለው መስመር የሚገፋ መስመር ይሆናል፣ ያን ጊዜ ቀዳዳው ራሱን ያጋልጣል። (ቀዳዳው ከፖምፑ በፊት ቢሆን ግን በዚህ መንገድ አይገኝም፤ ለጊዜው የሚያሳይ ፕላስቲክ ቱቦ ገጥሞ አረፋ መፈለግ ነው።) ሶፍቱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል እርጥበት ታየች።

ማገናኛው ተፈታ። በውስጡ ያለችው የላስቲክ ቀለበት፣ ኦሪንግ የሚሏት፣ በሙቀት ደርቃ በአንድ በኩል ተቆርጣ ነበር። አባትየው ዝም ብለው አዩዋትና ወደ ልጃቸውና ወደ ጓደኞቹ ዞረው «ልጆቼ፣ ይህ የኔ ጥፋት ነው። ቱቦውን ስቀይር ማገናኛውን ደህና መስሎኝ ከአሮጌው አውጥቼ መለስኩት» አሉ። አዲስ በተባለው መስመር ላይ የቀረችው አሮጌ ዕቃ እሷ ብቻ ነበረች። ሳትነካ ብትቆይ ምናልባት ጥቂት ወራት ታገለግል ነበር፤ ተነቅላ ስትመለስ ተቆረጠች።

እውነቱን ለመናገር እዚያ ቆመው የነበሩ አዋቂዎች ሁሉ አባትየው ሌላ ምክንያት ቢሰጡ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ለባለቤቱም ደውለው ያንኑ ቃል ነገሩት፤ የሁለቱን ቀን የጉልበት ዋጋ እንደማይጠይቁ ጨመሩ። ባለቤቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ የያዘውን ገንዘብ ሰኞ ዕለት ሰጣቸው። ልጁ ከዚያ ወዲህ ሥራ ሲሳሳት የተሳሳተውን መስመር ሳይሰርዝ ከጎኑ «እዚህ ጋ ነው» ብሎ እንደሚጽፍ የሒሳብ መምህሩ ነግረውናል።

አዲስ ቀለበት ተገዝቶ ከገባ በኋላ ወዲያው ወደ ሙሻ አልሄድንም። ጀልባዋ የሰዎቹን ክብደት የሚያህል አሸዋ በጆንያ ተጭኖባት፣ ከዚህ በፊት ከጠፋችበት ጊዜ በላይ፣ አርባ ደቂቃ በሙሉ ፍጥነት ከወደቡ ሳትርቅ ተነዳች። ብልሽት በጠፋበት ሁኔታ ካልተፈተነ ተፈተነ አይባልም። ወላጆች፣ በጀልባ የምትሄዱ ከሆነ ከጥገና በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ጉዞ ከቤተሰብ ጋር አታድርጉት። የነፍስ አድን ጃኬት በሰው ልክ፣ መቅዘፊያ፣ መልሕቅና የመጠጥ ውሃ ሳይኖር አትውጡ። የቤንዚን ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ወለል ላይ ይተኛል፤ ቱቦ ሲፈታ ሲጋራም ክብሪትም አጠገቡ አይደርስም።

በዚህ ሥራ የተሳቡ ልጆች ትምህርቱ የት እንደሚሰጥ ጠይቀውናል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ለዓለም አቀፍ መርከቦች የሚሠሩ የባሕር መሐንዲሶችን ያሠለጥናል። የመርከብ ሞተር ከኛዋ ጀልባ በብዙ እጥፍ ቢበልጥም፣ ነዳጅ የሚሳብበትና የሚገፋበት መስመር እዚያም አለ።

ጉብኝቱ በየካቲት መጀመሪያ ተደረገ፤ ተማሪዎቻችን ኮራሉንና በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን የማንግሮቭ ዛፍ አይተው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሰላም ተመለሱ። የተቆረጠችው ቀለበት በትንሽ ጠርሙስ ሆና በሳይንስ ክፍሉ ቁም ሣጥን ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ ትገኛለች፤ ማየት የሚፈልግ መምህሩን ቁልፍ ይጠይቅ።