የአደራ ልጆች በጨዋታ ሜዳ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

መቅድም

አደራ በአገራችን ከባድ ነገር ነው። የጎረቤቱን ላም ወይም ገንዘብ በአደራ የተቀበለ ሰው ከራሱ ንብረት አብልጦ ይጠብቀዋል፤ ቢጠፋበትም ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይከፍላል። ልጅን ወደ ስፖርት ማኅበር መላክም አደራ መስጠት ነው። ነገር ግን የልጅ አደራ ከሌላው አደራ ይለያል፤ ልጅ ከተጎዳ በኋላ የሚከፈል ካሣ ጉዳቱን አይመልሰውምና። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ዐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ የልጅን አደራ ለመጠበቅ ሰውን ማመን ብቻ አይበቃም፤ ሁሉም የሚያየውና ሁሉም የሚገዛለት ሥርዓት ያስፈልጋል።

ጠዳ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ፥ ከአዘዞ ቀጥላ፥ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በእርስዋም ሆነ በአካባቢዋ ባሉት መንደሮች ልጆች ከትምህርትና ከከብት ጥበቃ በተረፋቸው ሰዓት ኳስ ይጫወታሉ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ወደ ጎንደር ካመጣ ወዲህ ደግሞ እኔም እንደ እነርሱ እሆናለሁ ብሎ የሚመኝ ልጅ ብዙ ነው። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን ልጅ በብርቱ የሚመኘውን ነገር በእጁ የያዘ ሰው በልጁ ላይ ታላቅ ሥልጣን አለው። ሥልጣን ባለበትም ዘንድ ተቈጣጣሪ ሊኖር ይገባል።

1ኛ፤ ስለ ጨዋታ ጥቅምና ስለ ልማዳችን

ጨዋታ ሰውነትን ያጠነክራል፤ መታገሥን፥ ለሕግ መገዛትንና ከባልንጀራ ጋራ መተባበርን ያስተምራል። አባቶቻችንም ይህን ያውቁ ስለ ነበር በገና ሰሞን በሜዳ እየተሰለፉ ጥንግ ይመቱ ነበር፤ ልማዱም እስከ ዛሬ አልጠፋም። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ሆነው ይጋጠማሉ፤ በጨዋታው መካከል በደረሰ ምትም ቂም አይያዝበትም። ይህ ልማድ በዐዋቂዎች መካከል ሰላምን ስለሚጠብቅ መልካም ነው።

ነገር ግን ልማዱ ወደ ልጆች ጨዋታ በተሻገረ ጊዜ ጉዳት አለበት። ልጅ ተመትቶ ሲያለቅስ፥ ጨዋታ ነው፤ ወንድ ልጅ አያለቅስም እየተባለ ይገሠጻል። ልጁም ሕመሙን መናገር ነውር መስሎት ዝም ማለትን ይማራል። ዛሬ የእግሩን ሕመም ለመናገር ያፈረ ልጅ ነገ ከዚህ የከፋ ነገር ቢደርስበት እንዴት ይናገራል? ስለዚህ የጥበቃ መጀመሪያው፥ ልጅ አመመኝ ሲል ጨዋታውን አቁሞ መስማት ነው።

2ኛ፤ በሜዳ ላይ ስለሚደርስ አደጋ

መምህሩ ልጆቹ ከመግባታቸው አስቀድሞ ሜዳውን በእግሩ ይዙር። ድንጋይ፥ የጠርሙስ ስባሪና እሾህ ቢያገኝ ያስለቅም፤ ጉድጓዱንም ያስደፍን። የግቡ ቋሚዎች በመሬት ውስጥ ጠልቀው የተተከሉ መሆናቸውን እየነቀነቀ ይመርምር፤ ያልተተከለ የብረት ግብ ልጅ ሲንጠለጠልበት ተገልብጦ እንደሚገድል በልዩ ልዩ አገር ታይቷልና።

በክረምት የጎንደር ደጋ ዝናብና መብረቅ ይበረታበታል። ብልጭታው ከታየ በኋላ 30 ሰኮንድ ሳይሞላ ነጐድጓዱ የተሰማ እንደ ሆነ፥ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ርቀት ላይ ነውና ጨዋታው ይቁም። ልጆቹም ወደ ቤት ውስጥ ይግቡ እንጂ በዛፍ ሥር አይጠለሉ። የመጨረሻው ነጐድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሜዳ አይመለሱ።

ራሱን ተመትቶ የዞረበት፥ ያስመለሰው፥ ያለበትን ስፍራ የዘነጋ ወይም ለጥቂት ጊዜ እንኳ ራሱን የሳተ ልጅ፥ ደኅና ነኝ ቢልም በዚያ ቀን ደግሞ አይጫወት፤ የጤና ባለሙያም ይየው። እንቅልፍ ቢጫነው፥ ራስ ምታቱ ቢብስበት ወይም ደጋግሞ ቢያስመልሰው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

አጥንት በተሰበረ ጊዜ ወጌሻ መጥራት የቆየ ልማዳችን ነው። የወጌሻውን በጎ ፈቃድ አንነቅፍም። ነገር ግን በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ አጥብቆ የታሰረ እግር ወይም ክንድ ደም ሳይዘዋወርበት ቀርቶ ይጠቁራል፤ በዚህም ምክንያት አካላቸው እንዲቈረጥ ግድ የሆነባቸው ልጆች በአገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል። ስለዚህ የተሰበረው አካል እንዳይንቀሳቀስ በእንጨትና በጨርቅ ላላ ተደርጎ ይደገፍና ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ የቀዘቀዙ፥ የደነዘዙ ወይም የጠቈሩ እንደ ሆነ እስራቱ ወዲያው ይፈታ። ከብት በሚውልበት ሜዳ የቈሰለ ልጅም ቁስሉ በንጹሕ ውሃና በሳሙና ይታጠብለት፤ የመንጋጋ ቈልፍ መከላከያ ክትባት እንደሚያስፈልገውም በጤና ጣቢያ ይጠየቅ።

3ኛ፤ ከሰው ስለሚመጣ አደጋ

እስካሁን የተናገርነው በዐይን የሚታይ አደጋ ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን የማይታየው ነው፤ ይኸውም ልጅን እንዲጠብቅ የታመነው ሰው ራሱ ልጁን ሲያጠቃ ነው። ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ነገር ግን ሳይነገር እየቀረ ብዙ ልጅ ስለ ተጎዳ እንናገረዋለን።

በአሜሪካ አገር የአንድ ታላቅ ዩኒቨርሲቲና የብሔራዊው የጂምናስቲክ ማኅበር ሐኪም የነበረ ላሪ ናሳር የሚባል ሰው፥ በሕክምና ስም ብዙ ልጃገረዶችን ለብዙ ዓመታት አስነወረ። አንዳንዶቹን ወላጆቻቸው በዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ አስነወራቸው፤ ወላጆቹ ግን አላወቁም። ከልጃገረዶቹ ለታላላቆቻቸው የተናገሩ ነበሩ፤ ቃላቸው ግን ሥራ ላይ ሳይውል ዓመታት ዐለፉ። ነገሩ በጋዜጣ የተገለጠው በመስከረም 2009 ዓ.ም. ነው። በጥር 2010 ዓ.ም. ከ150 የሚበልጡ ሴቶች የደረሰባቸው በደል በፍርድ ቤት ተነገረ፤ ሰውየውም ከ40 እስከ 175 ዓመት እንዲታሰር ተፈረደበት። ይህ ሰው የተማረ፥ የተከበረና ሁሉም የሚያመሰግነው ነበር። እንግዲህ ጠባዩ ያማረ ነው፤ ንግግሩ የጣፈጠ ነው ብሎ መመስከር ለልጅ ዋስትና አይሆንም።

በእኛም ዘንድ ልጅ ዝም የሚልበት ምክንያት አለ። ጨዋ ልጅ በታላቅ ፊት አንገቱን ይደፋል፤ ያዘዙትን ይፈጽማል፤ የታላቅንም ነውር አያወራም። ይህን አስተዳደግ ጣሉት አንልም፤ ነገር ግን አንድ ነገር እንጨምርበት። ሰውነቱን በሚመለከት ነገር ማንም ሰው፥ ጋሼ እያለ የሚጠራው አሠልጣኝም ቢሆን፥ ይህ በእኔና በአንተ መካከል ምሥጢር ነው ቢለው፥ ወዲያው ለእናቱ ወይም ለመምህሩ መናገር ብልግና አለመሆኑን ልጁ ይማር። ሴት ልጅም እንዲሁ ትማር። ወንዶች ልጆችም እንደሚጠቁ አይዘንጋ፤ እነርሱ ከኀፍረት የተነሣ አብዝተው ይደብቃሉና።

አታላይ ሰው ሥራውን በአንድ ቀን አይጀምርም። ከልጆቹ አንዱን መርጦ ጫማ ወይም ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ለብቻው ያሠለጥነዋል፤ ትንሽ ምሥጢር አስይዞ ዝም ማለቱን ይፈትናል። ልጁ ከዚህ ቀደም ይወደው የነበረውን ጨዋታ በድንገት ቢጠላ፥ አንዱን ሰው ባየ ጊዜ ቢደነግጥ፥ እንቅልፍ ቢያጣ ወይም ከየት እንደ መጣ የማይናገረው ስጦታ ቢገኝበት፥ መምህሩ በርኅራኄ ይጠይቀው። እነዚህ ምልክቶች በሌላ ምክንያትም ሊታዩ ስለሚችሉ፥ ፍርድ ለመስጠት አይበቁም፤ ለመጠየቅ ግን ይበቃሉ።

ሌላው አታላይ፥ ልጁን ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ አገር ወስጄ ታላቅ ተጫዋች አደርገዋለሁ የሚለው ነው። በምዕራብ አፍሪካ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከወላጆች ገንዘብ እየተቀበሉ ልጆችን ወደ አውሮፓ ወስደው በጎዳና ላይ ጥለዋቸዋል። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፥ ፊፋ፥ በ1993 ዓ.ም. ባጸደቀው ደንብ፥ ተለይተው ከተጻፉት ጥቂት ምክንያቶች በቀር ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር ከለከለ። ስለዚህ ገንዘብ አምጡና ልጃችሁን ልውሰድ የሚል ሰው ሲመጣ ወላጅ አስቀድሞ መምህሩን ያማክር።

ግርፋትም ሥልጠና አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፥ ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች በአካል ከሚፈጸም ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ግብ ስለ ሳተ በአርጩሜ የሚገረፍ ልጅ ጨዋታን ሳይሆን ፍርሃትን ይማራል።

4ኛ፤ ማኅበሩ ሊይዘው ስለሚገባ ሥርዓት

ይህ ሥርዓት በወረቀት ተጽፎ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በወላጆችም ስብሰባ ላይ ይነበብ።

ሀ፤ የእያንዳንዱ ልጅ ስም፥ ዕድሜ፥ የወላጆቹ መገኛ፥ እንደ አስምና እንደ ሚጥል በሽታ ያለም ሕመም ቢኖርበት በመዝገብ ይጻፍ።

ለ፤ ለአሠልጣኝነት የሚመጣ ሰው ቀድሞ ከሠራበት ስፍራ ጠባዩ ይጠየቅ፤ ዘመድ ነው ተብሎ አይታለፍ።

ሐ፤ ማንም ዐዋቂ ሰው ከአንድ ልጅ ጋራ ብቻውን በዝግ ቤት ውስጥ አይሁን። ሥልጠናው ሁለት ዐዋቂዎች ባሉበትና ሰው በሚያየው ሜዳ ይደረግ።

መ፤ ሴቶች ልጆች በሚጫወቱበት ሰዓት አንዲት መምህርት ወይም እናት ትገኝ። ልብስ የሚለውጡበትና የሚጸዳዱበት ስፍራም ለብቻው ይሁን።

ሠ፤ ጨዋታው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይፈታ። ቤታቸው የራቀ ልጆች በሰፈር በሰፈር ተቧድነው ይሂዱ።

ረ፤ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ሌላ ስፍራ ለውድድር ሲጓዙ ወላጅ በፊርማው ይፍቀድ። ማደር ግድ ቢሆን ልጆች ከዐዋቂዎች ተለይተው በአንድነት ይደሩ።

ሰ፤ ልጆች ሲጋጠሙ ዕድሜያቸውና ቁመታቸው የተመጣጠነ ይሁን።

ሸ፤ ልጅ ችግሩን የሚነግራቸው ሁለት ሰዎች፥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፥ ይመረጡ፤ እነርሱም አሠልጣኞች ወይም የአሠልጣኞች ዘመዶች አይሁኑ።

ይህ ሥርዓት ደጉን አሠልጣኝ እንደ ሌባ መጠርጠር አይደለም። የማኅበር ገንዘብ ያዥ ታማኝ ቢሆንም ሒሳቡ ይመረመራል፤ እርሱም በመመርመሩ ከሐሜት ይድናል። ልጅ ከገንዘብ ይበልጣልና በዚህ ሥርዓት ሊቀየም የሚገባው ሰው የለም።

5ኛ፤ ነገር በደረሰ ጊዜ ስለሚደረግ

ልጅ መጥቶ በሰው መጠቃቱን የተናገረ እንደ ሆነ መምህሩ ሳይደነግጥና ሳይቈጣ ይስማው። ዋሽተሃል አይበለው፤ ለማንም አልናገርም ብሎም ቃል አይግባለት። የነገረውን በልጁ በራሱ ቃል ይጻፈው። ደጋግሞ በመጠየቅ አያስጨንቀው፤ ከተከሰሰውም ሰው ፊት አያቁመው። የደፈረው ሰው ቢኖር ልጁ ገላውን ሳይታጠብ፥ የለበሰውም ልብስ ሳይታጠብ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚጠቅመው ከ72 ሰዓት በፊት ሲጀመር ነውና። ነገሩም ለፖሊስና በወረዳው ለሴቶችና ለሕፃናት ጉዳይ ለተመደበው ጽሕፈት ቤት ይነገር። የተጠረጠረው ሰው ጉዳዩ እስኪጣራ ከልጆች ይራቅ፤ ፍርድ ገና አልተሰጠምና ስሙ በገበያ አይነሣ።

እናንተ ሽማግሎች ሆይ! የወሰን ጠብ ያበረዳችሁ፥ የደም ቂም ያስታረቃችሁ ናችሁ፤ አገር በእናንተ ትጠበቃለች። በልጅ ላይ የተፈጸመ ድፍረት ግን በዕርቅ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ዕርቅ በሁለት እኩል ባላጋሮች መካከል ይደረጋል፤ ልጅና ዐዋቂ ግን እኩል አይደሉም። ካሣው ለአባት ይከፈላል፤ ሕመሙ ግን የልጅቱ ነው። የቤተ ሰብ ስም እንዳይጠፋ ተብሎ ነገሩ ሲሸፈን፥ ያ ሰው ወደ ሌላ መንደር ሜዳ ሄዶ ሌላ ልጅ ያገኛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በልጅ ላይ የሚፈጸመውን ድፍረት በብርቱ ይቀጣል፤ የተደፈረውም ተማሪው ወይም በአደራ የተሰጠው ልጅ ሲሆን ቅጣቱን ያከብደዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ወደ እናንተ በመጣ ጊዜ፥ ይህ የዳኛ ጉዳይ ነው ብላችሁ ልጁንና ወላጆቹን ወደ ሕግ አድርሱ። ቤተ ሰቡ ከመንደሩ ሐሜት እንዲጠበቅ ማድረግ ግን የእናንተ ሥራ ነው፤ ይህን ፖሊስም ዳኛም ሊሠራው አይችልም።

መዝጊያ

ልጅ ከሜዳ ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ እናቱ፥ አሸነፋችሁን? ከማለቷ በፊት፥ ደኅና ዋልህን? ብላ ትጠይቀው፤ መልሱንም እስኪጨርስ ትስማው። መምህሩ በሜዳ፥ ሽማግሌው በሸንጎ፥ እናትም በቤቷ እንዲህ ያደረጉ እንደ ሆነ፥ ልጁ የሚናገርበት ስፍራ አያጣም። የሚናገርበት ስፍራ ያለውንም ልጅ አታላይ ይፈራዋል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የልጅ አደራ ከገንዘብ አደራ የሚለየው በምንድር ነው?

2. በሜዳችን ያሉት የግብ ቋሚዎች ተመርምረዋልን? መቼ? በማን?

3. በትምህርት ቤታችን ልጅ ችግሩን የሚነግራቸው ሁለት ሰዎች እነማን ይሁኑ? ልጆቹስ ያውቋቸዋልን?

4. በልጅ ላይ የደረሰ ድፍረት በሽምግልና ቢሸፈን ማን ይጠቀማል? ማንስ ይጎዳል?