«ልጄ፣ ዳኛው ፊት ምን ብዬ ልናገር?»

እትዬ፣

የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ለኤክስተርንሺፕ አዲስ አበባ ውስጥ ሙግት ላይ የሚሠራ አንድ የጥብቅና ቢሮ ተመድቤያለሁ። ጠበቃው ጎበዝ ሰው ናቸው፤ ቁጣም አያበዙም። መጀመሪያ ላይ መዝገብ ከማመላለስና ልደታ ፍርድ ቤት ወረፋ ከመያዝ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ይሰለቸኝ ነበር፤ አሁን ግን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው።

አንድ ደንበኛችን ነጋዴ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ከአንዲት ዘመዳቸው 80,000 ብር ተበድረው በ2005 ሊመልሱ በጽሑፍ ተዋውለዋል። አልመለሱም። ሴትየዋ በ2017 ከሰሷቸው። ጠበቃ የላቸውም፤ ክሱን ያጻፉት ፍርድ ቤት ደጃፍ ከተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ነው። ጠበቃዬ «ይርጋን በመቃወሚያነት አንሺና መልሱን አርቅቂ» ብለው ሰጡኝ። የመጀመሪያ ረቂቄ ስለሆነ ደስ አለኝ።

ደንበኛው ቢሮ መጥተው ሲያስረዱ ማስታወሻ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ጠበቃው ስልክ ሊያናግሩ ወጣ ሲሉ ሰውዬው ጠጋ ብለው፣ «በ2011 ልጇን ስትድር ከዕዳው ላይ ብዬ 5,000 ብር በባንክ አስገብቼላታለሁ። እሱን አትጻፊው። እንዲያውም ከተዋዋልን ወዲህ ሰባራ ሳንቲም አልሰጠኋትም በይ» አሉኝ። ዝም አልኩ። ለጠበቃውም አልተናገርኩም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሴትየዋ ራሳቸው ቢሮ መጡ። በሽምግልና እንጨርስ ለማለት ነበር፤ ጠበቃው አልነበሩም። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃውን ደግፌ አወረድኳቸው። በሩ ላይ እጄን ሳይለቁ «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ዳኛው ፊት ምን ብዬ ልናገር?» አሉኝ። የማውቀውን አንድ ነገር ብነግራቸው ሊጠቀሙ እንደሚችሉ አውቃለሁ። አልነገርኳቸውም። ጓደኛዬ «በሌላ ሰው ስልክ ደውለሽ ንገሪያቸው» ትለኛለች። መልሱ የሚገባበት ቀን አንድ ሳምንት ቀርቶታል። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ? ለሙግትስ አልተፈጠርኩ ይሆን?

እንቅልፍ ያጣሁት ተማሪ

*

ልጄ፣

ስልኩን አትደውዪ። በጓደኛሽ ስልክም፣ በሌላ ሰው አፍም ቢሆን አይሆንም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ መልሱ የሚገባበት ቀን ስለደረሰና፣ በእንዲህ ያለ ጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው ማታ ላይ የማይመለስ ነገር ስለሚያደርግ ነው።

ሰውዬው ያንን የነገሩሽ በመንገድ አግኝተውሽ አይደለም። ጠበቃቸው ቢሮ ተቀምጠው፣ የጠበቃቸው እጅ ነሽ ብለው ነው። ሰው ገበናውን ለጠበቃ የሚያወጣው ነገሩ ከዚያ ክፍል አይወጣም ብሎ ስለሚያምን ነው። ይህ እምነት የሚጠብቀው ዕዳ የካዱ ነጋዴዎችን ብቻ ቢሆን እኔም ባልተከራከርኩለት። ባሏ የሚደበድባትን ሴት፣ ያለ ጥፋቱ የታሰረውን ወጣት፣ ነገ አንቺ ዘንድ የሚመጡትንም የሚጠብቀው ይኸው ነው። ደግሞ አንዴ ለተከራካሪ ወገን በስውር መምከር ከጀመርሽ በሁለት ቢላዋ መብላት ነው፤ ለጥሩ ዓላማ ነው ማለትሽ አይለውጠውም። ነገሩ ቢወጣ የሚጠየቀው ደግሞ አንቺን አምኖ በሩን የከፈተልሽ ጠበቃ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሴትየዋ የማያውቁት ነገር እንዳለና ቁልፉ በአንቺ እጅ እንደሆነ አድርገሽ ጽፈሽልኛል። እስቲ ደግመሽ አስቢው። 5,000 ብሩን የተቀበሉት ማን ናቸው? ራሳቸው! ቀኑንም፣ ምክንያቱንም፣ ምናልባትም ላኪው ሲደውል ያለውን ቃል ያስታውሳሉ። የባንክ መዝገባቸው ላይም አለ። የማያውቁት ያ ብር በሕግ ዓይን ምን ክብደት እንዳለው ነው። እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለሌሎች አንባቢዎች ስል ባጭሩ ልናገረው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1845 መሠረት በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ፣ ሌላ የተለየ ጊዜ ካልተቀመጠለት በቀር፣ በ10 ዓመት ይታገዳል። የ2005ቱ ዕዳ በ2015 አለፈ ማለት ነው። ባለዕዳው ግን በመሐል ዕዳውን ካመነ፣ ለምሳሌ ከፊሉን ከከፈለ፣ በአንቀጽ 1851 መሠረት ይርጋው ይቋረጥና ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ከ2011 ከተቆጠረ በ2017 ክሱ ሲቀርብ ጊዜው ገና አላለፈም። እንቅልፍ የነሣሽ ይህ ስሌት ነው፤ ሒሳቡን በትክክል ሠርተሽዋል።

ይርጋውን ማንሣቱ ራሱ ነውር እንደሆነ የተሰማሽ ይመስለኛል፤ በዚህ ግን አልስማማም። ሕጉ ይርጋን ያበጀው ደሃ ለመቀማት አይደለም። ምስክር ይሞታል፣ ደረሰኝ ይጠፋል፣ የከፈለ ሰውም መክፈሉን ማስረዳት የማይችልበት ጊዜ ይመጣል። ደግሞም በአንቀጽ 1856 መሠረት ተከሳሹ ካላነሣው ዳኛው በራሱ ተነሣሥቶ ይርጋን አያነሣም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 መሠረትም በጊዜው ያልተነሣ መቃወሚያ እንደተተወ ይቆጠራል። እንግዲህ ጠበቃሽ ዝም ቢሉ የደንበኛቸውን መብት በገዛ እጃቸው መጣላቸው ነው። የታዘዝሽው ሥራ ሕጋዊ ሥራ ነው፤ ረቂቁን ስትጀምሪ የተሰማሽ ደስታም አያሳፍርሽ።

ነውሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሰውዬው «ሰባራ ሳንቲም አልሰጠኋትም በይ» ያሉሽ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። «ጥያቄው በይርጋ ታግዷል» ማለት ክርክር ነው፤ ሴትየዋ መልስ ይሰጡበታል፣ ዳኛው ይመዝነዋል። «ከውሉ ወዲህ ምንም አልከፈልኩም» ማለት ግን ስለተደረገ ነገር መመስከር ነው፤ ውሸት ደግሞ ነው። ስታመላልሺያቸው የከረምሻቸውን መዝገቦች ግርጌ አስታውሺ፤ ሁሉም ላይ ከፊርማው በላይ አንድ መስመር አለ፤ የቀረበው እውነት መሆኑን በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ የሚል። ጸሐፊዎች ከአንዱ ማመልከቻ ወደ ሌላው ስለሚገለብጡት ማንም ልብ ብሎ አያነበውም። አንቺ አንብቢው። በእጅሽ የተጻፈ ውሸት ከዚያ መስመር በላይ እንዲቀመጥ አትፍቀጂ። መዝገብ ማመላለስ ይሰለቸኝ ነበር ብለሻል፤ እኔ እንደማውቀው ግን ጥሩ ተሟጋቾች ሥራውን የተማሩት እዚያው መዝገብ ቤት ወረፋ ላይ ቆመው የሌላ ሰው ክስና መልስ ሲያነቡ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ጠበቃው እስካሁን አለማወቃቸው ነው። ልጄ፣ ምስጢሩ እኮ የአንቺ ብቻ አይደለም፤ የቢሮው ነው። ለእሳቸው መንገር ምስጢር ማውጣት አይደለም፤ አለመንገር ነው አደጋው። ነገ ጠዋት ወደ ፍርድ ቤት ከመውጣታቸው በፊት ግቢና በሩን ዘግተሽ እንዲህ በያቸው፦ «እርስዎ ስልክ ሊያናግሩ በወጡበት ደንበኛው በ2011 ከዕዳው ላይ 5,000 ብር በባንክ መክፈላቸውን ነግረውኛል። እንዳልጽፈው፣ እንዲያውም ምንም አልከፈልኩም ብዬ እንድጽፍ ጠይቀውኛል። በ1851 መሠረት ይርጋው የተቋረጠ ይመስለኛል። የባንክ መረጃው በከሳሽ እጅ ስላለ ክርክራችን ሊወድቅ ይችላል።» ማስታወሻሽንም ስጫቸው። አታልቅሺ፣ ይቅርታም አታብዢ፤ ስለ ሴትየዋ ጉልበትም አታንሺ። እየነገርሻቸው ያለሽው ማንኛውም ጠንቃቃ ጠበቃ ሊሰማው የሚፈልገውን ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ልገምትልሽ። በዚህ ሥራ የከረመ ጠበቃ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የሚታየው የመጀመሪያው ቀጠሮ ነው። ዳኛው ሁለቱንም ወገን አቁሞ ይጠይቃል። «ለይርጋው ምን ይላሉ?» ሲባሉ ሴትየዋ በየዋህነት «እንዴት አለፈ ይለኛል? ልጄን ስድር ከዕዳው ላይ ብሎ ሰጥቶኝ የለም ወይ?» ካሉ ተከሳሹ ችሎት መሐል በራሱ አንደበት ይጠየቃል። ከካደና የባንኩ ወረቀት ከመጣ የሚያጣው ይርጋውን ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ሁሉ ዳኛው በጥርጣሬ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ደንበኛው ከጠበቃው መስማት ያለበት ቃል «ይህ መከላከያ ሊፈርስ ይችላል፤ ሴትየዋ ዕርቅ እየለመኑ ስለሆነ አሁን ብንስማማ ይሻልዎታል» የሚል ነው። ሥነ ሥርዓት ሕጉ በ274 ተከራካሪዎች በማናቸውም ጊዜ እንዲስማሙ ይፈቅዳል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ተከራካሪዎችን በፍርድ ቤት የማስማማት ሥርዓት አምጥቷል። ሴትየዋ ደረጃውን የወጡት ለዚሁ ነበር። መምጣታቸውን ለጠበቃው ነግረሻቸዋል? ካልነገርሽ ያንንም ጨምሪ። እኔ በእርግጠኝነት የምነግርሽ ይህን ነው፤ ለሴትየዋ በስውር ልታደርጊው ካሰብሽው ይልቅ ለደንበኛችሁ በግልጽ የሚሰጠው ትክክለኛ ምክር ሴትየዋን የበለጠ ሊጠቅማቸው ይችላል።

ላይጠቅማቸውም ይችላል፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ሰውዬው ዕርቁን እምቢ ሊሉ፣ ሴትየዋም ችሎት ሲገቡ ደንግጠው ሳይናገሩ ሊወጡ ይችላሉ። ጠበቃ የሌለው ሰው መብቱን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም። ግን መፍትሔው የተከሳሹ ቢሮ ተማሪ የከሳሽ ጠበቃ መሆኗ አይደለም። ጠበቃሽን አስፈቅደሽ፣ ሴትየዋ ተመልሰው ከመጡ፣ ይህን ልትነግሪያቸው ትችያለሽ፦ «እማማ፣ እኔ የሌላኛው ወገን ነኝ፤ ልመክርዎ አልችልም። ግን ከቀጠሮው በፊት የራስዎን ጠበቃ ያናግሩ።» «ወረቀትዎን ሁሉ፣ የባንክ ደብተርዎንም ጭምር ይዘው ይሂዱ» በያቸው ግን አልልሽም፤ የባንክ ደብተሩን ካነሣሽ ምክር ሰጠሽ ማለት ነው፤ እሱን ተዪው። የት እንደሚሄዱ ግን ንገሪያቸው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። እዚያ የሚቀመጡትም እንዳንቺ ያሉ ተማሪዎችና መምህራኖቻቸው ናቸው፤ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ከዚያ ወዲህ የከፈለዎት ነገር አለ?» እንደሚሆን አልጠራጠርም።

ጠበቃው «ሰውዬው እንዳሉት ጻፊው» ቢሉሽስ? ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት እንዲህ ያለ ሰው አይመስሉኝም። ካሉሽ ግን «ይህን ዓረፍተ ነገር ልጽፍ አልችልም፤ ሌላ መዝገብ ይስጡኝ» በይ፤ በአክብሮት፣ ድምፅሽን ሳታነሺ። ከዚያ ለትምህርት ቤቱ የኤክስተርንሺፕ ተቆጣጣሪሽ፣ የደንበኛውን ማንነት ሳትገልጪ፣ ሐሰት እንድትጽፊ መጠየቅሽን ንገሪ። ውጤቴ ይበላሻል ብለሽ ፈርተሽ ይሆናል። ሊበላሽም ይችላል፤ እኔ ግን ውጤቱ ቢቀነስ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለሙግት አልተፈጠርኩ ይሆን ላልሽው፣ በዚህ አንድ መዝገብ አትወስኚ። ለተቃራኒው ወገን ማዘን ከሥራው አያስወጣም፤ ችሎት ውስጥ የተከራካሪን ሕመም የሚረዳ ጠበቃ የት ላይ መጫን፣ የት ላይ ዕርቅ ማቅረብ እንዳለበት ያውቃል። ከተመረቅሽ በኋላ ዐቃቤ ሕግነትም፣ ዳኝነትም፣ ነፃ የሕግ ድጋፍም ደጅ ናቸው። ለምርጫው ጊዜ አለሽ።

አንድ ነገር ቀርቷል። የላክሽልኝ ደብዳቤ የሰውዬውን ንግድና ሰፈር፣ የሴትየዋንም ስም ይዞ ነበር። አውጥቻቸዋለሁ፤ ዓመታቱንና የገንዘቡን ልክም ቀይሬያለሁ። በኤክስተርንሺፕ ሪፖርትሽ ላይ «ከሳሽ»ና «ተከሳሽ» ብለሽ ብቻ ጻፊ። ለጓደኛሽ የነገርሻትንም ከእንግዲህ አቁሚ፤ ዛሬውኑ ደውለሽ ነገሩን ለማንም እንዳታወራ፣ ለሴትየዋም እንዳትደውል ንገሪያት።