ድምፅ ብቻውን ምስክር አይሆንም

ሬዚደንት፦ ፕሮፌሰር፣ ዛሬ አንዲት ወጣት አስተኝተናል። ሁለት ድምፆች ስለ እሷ ሲከራከሩ ትሰማለች። ስኪዞፍሬንያ ብዬ ልጻፍ?

ፕሮፌሰር፦ ድምፁን ብቻ ይዘሽ?

ሬዚደንት፦ እርስ በርስ የሚከራከሩ ድምፆች ዋነኛ ምልክት ናቸው ያለው ጀርመናዊው ኩርት ሽናይደር አይደለም እንዴ?

ፕሮፌሰር፦ ነው እንጂ። ግን አሜሪካዊው ሪቻርድ ክለፍት በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ከአንድ በላይ ማንነት ይፈራረቅባቸዋል የተባሉ 30 ታካሚዎችን አይቶ ከሽናይደር ምልክቶች በአማካይ 3.6 ያህል አገኘባቸው። በፊት እንዲህ ያለ ድምፅ ብቻውን የስኪዞፍሬንያን የምልክት መስፈርት ያሟላ ነበር፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአእምሮ ሕመም መመርመሪያ መመሪያ፣ ዲኤስኤም 5፣ ይህን ልዩ ክብደት አንሥቶታል።

ሬዚደንት፦ ታዲያ ስኪዞፍሬንያን ከእንዲህ ያለው የማንነት መከፋፈል፣ ከዲሶሲየሽን፣ በምን ልለየው?

ፕሮፌሰር፦ ዙሪያውን ጠይቂ። የት እንደዋለች የማታስታውሰው ሰዓት አለ? መግዛቷን የማታውቀው ዕቃ ቦርሳዋ ውስጥ ታገኛለች? በልጅነቷ ምን ደረሰባት? ዲሶሲየሽን ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ የልጅነት በደል ጋር ይያያዛል፤ አእምሮ ሊሸከመው ያልቻለውን ትዝታ ከቀረው ይነጥለዋል። ንግግሯ ውል ከጠፋበት፣ ፊቷ ከደነዘዘ፣ ትምህርቷንና ወዳጆቿን እያደር ከተወች ግን ወደ ስኪዞፍሬንያ ያጋድላል።

ሬዚደንት፦ «ሰውነቴ የእኔ አይመስለኝም፤ ዓለሙ ሁሉ ሕልም ሕልም ይለኛል» ትላለች።

ፕሮፌሰር፦ ስሜቱ እውነት እንዳልሆነ ታውቃለች? ካወቀች ከእውነታው አልወጣችም። «ሌላ ሰው ሰውነቴን በመሣሪያ ያዝዘዋል» ብላ አምና፣ ምንም ማስረጃ የማይመልሳት ከሆነ ግን ሳይኮሲስ ነው።

ሬዚደንት፦ እናትየዋ ግን «ዛር ነው» ብለው ድርቅ አሉ።

ፕሮፌሰር፦ እንዳታሳፍሪያቸው! በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ዲኤስኤም 4 ራሱ ዛርን መዝግቦታል፤ ያውም በአካባቢው ሰው ዘንድ እንደ በሽታ እንደማይታይ ጠቅሶ። ይልቅ እሳቸውን ጠይቂ፦ የምትለወጠው ዛሩ ሲነሣ ብቻ ነው? ሲለቃትስ እንደ ቀድሞዋ ትሆናለች? መጀመሪያ የያዛት ምን በደረሰባት ሰሞን ነው?

ሬዚደንት፦ ዲሶሲየሽንና ሳይኮሲስ አብረው ቢገኙስ?

ፕሮፌሰር፦ ይገኛሉ። የልጅነት በደል ለሳይኮሲስም ያጋልጣል። በደል ስላገኘሽ ሳይኮሲስን አትሰርዢ፤ ሳይኮሲስ ስላየሽም በደሉን መጠየቅ አትተዪ።

ሬዚደንት፦ መድኃኒቱን ግን ልጀምርላት?

ፕሮፌሰር፦ መለየቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ለስኪዞፍሬንያ የሳይኮሲስ መድኃኒት የሕክምናው ምሰሶ ነው፤ መዘግየቱ ይጎዳል። የዲሶሲየሽን ዋና ሕክምና ግን ንግግር ነው፤ በትዕግሥት፣ ለረጅም ጊዜ። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ እንዳላት አሁኑኑ ጠይቂ፤ የሚጥል በሽታና አደንዛዥ ዕፅም ይጣራ። ካርዱ ላይ «ድምፅ ትሰማለች፤ ምክንያቱ በመጣራት ላይ» ብለሽ ጻፊና፣ ሌላውን እናትየዋን ካነጋገርሽ በኋላ እንወስናለን።