የሥራ አመራር ትምህርትና የማኅበሩ ደብተር

በተፍኪና በሰበታ መንገድ ስንመላለስ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፤ «ልጃችን ኮሌጅ ገብቶ ማኔጅመንት ቢማር የት ይቀጠራል?» የሚል ነው። በዚህ ጥናት ከመቀጠሩ በፊት ስለ ትምህርቱ ጥቅም እንመለከታለን።

ትምህርቱ ከቢሮ ጋር ተያይዞ መታሰቡ አያስደንቅም። የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1943 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ጀምሮ ለመሥሪያ ቤቶች ጸሐፊዎችንና የሒሳብ ሠራተኞችን አሠልጥኗል፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። በእኛ አስተያየት ግን ይህን እውቀት አብልጦ የሚፈልገው የገበሬው መጋዘን ነው።

በበቾ ሜዳ ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲሸሽ ጥቁሩ አፈር በያዘው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል። ለምሳሌ ያህል አንድ ማኅበር በመኸር 20 ኩንታል ሽምብራ በ6,000 ብር ሒሳብ ገዝቶ ከአራት ወር በኋላ በ7,000 ብር ሸጠ እንበል። አባላቱ «20,000 ብር አተረፍን፣ እንካፈል» ይላሉ። የተማረው ልጅ ግን ደብተሩን ይከፍታል። አንዱን ኩንታል ነቀዝ በልቶታል፤ የተሸጠው 19 ነው፤ የተገኘውም 133,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ የግዢው 120,000፣ የመጋዘን ኪራይ 8,000፣ የጆንያ 1,000፣ የጫኝና አውራጅ 2,000 ብር ሲቀነስ የሚተርፈው 2,000 ብር ብቻ ነው። 20,000ውን ቢካፈሉ ኖሮ 18,000 ብር ከዋናው ገንዘብ በሉ ማለት ነው፤ በሚመጣው መኸር ሦስት ኩንታል ቀንሰው ይገዛሉ። ማኅበር ሌባ ሳይገባበትም እንዲህ በቅን ልብ ተካፍሎ ሊፈርስ ይችላል።

ሌላው የሚማሩት ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ገንዘብ የሚይዘውና ሒሳብ የሚጽፈው ሰው አንድ እንዳይሆን ኮሌጁ ያስተምራል፤ ዕድራችንም ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ለይቶ የሚሾመው ለዚሁ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም የምእመናንን ስጦታ ለብቻው አልያዘም፤ ነቀፋ እንዳይነሣ በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ወንድም አብሮት እንዲሄድ ተደርጓል (2ኛ ቆሮ. 8፥18-21)። አንዳንድ ሽማግሌዎች «ደብተር መጠየቅ አለመተማመን ነው» ሲሉ እንሰማለን። እንዲህ ከሆነ ጳውሎስም አልታመነም ልንል ነው!

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተማሪዎቻቸውን ለተግባር ልምምድ ወደ ሥራ ቦታ ይልካሉ። ልጆቻችን ይህን ጊዜ ከተማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ በማንሣት ብቻ ከሚያሳልፉት፣ ማኅበራችን ለኮሌጁ ደብዳቤ ጽፎ ቢቀበላቸው መልካም ይመስለናል።

ለመወያየት፦ የማኅበራችን ደብተር መጨረሻ የተመረመረው መቼ ነው? ባለፈው ዓመት ትርፍ ብለን ከተካፈልነው ስንቱ ትርፍ ነበር? ዘንድሮ ለልምምድ የምንቀበለው ተማሪ ቢመጣ፣ በየትኛው ወንበር አስቀምጠን የትኛውን ሰነድ እናሳየዋለን?